አባቴ ያዢ ያላለኝ ዕቃ

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትህ ብዬ አልጀምርም። እንዴት እንደሰነበትህ ላሊበላ ያለ ሰው ሁሉ ከእኔ ቀድሞ አውቋል፤ የመጨረሻዋ እኔ ነኝ። ስለዚህ ሰላምታውን ትቼ በንዴቴ ልጀምር። ንዴቴን አንተ ትችለው ነበር፤ ሌላው ሰው አይችለውም።

የአገሩ ልጅ ሁሉ አባቱን አንቱ ሲል፣ አንተ «አንቱ ስትይኝ የሩቅ ሰው የሆንሁ ይመስለኛል» ብለህ ከልክለኸኛል። አሁንም በአንተ ነው የምጽፈው። የነፍስ አባትህ ቄስ ገብረ ሊባኖስ ይህን ወረቀት ቢያዩት ይቆጣሉ። ይቆጡ። እኔም በእሳቸው ላይ የምቆጣው ብዙ አለኝ።

ያለሁት አንተ ቤት፣ መደብህ ላይ ነው። ከኮምቦልቻ ተሸክሜ ያመጣሁትን ሻንጣ ወለሉ ላይ ዘርግፌዋለሁ። በገዛ እጄ የሰፋሁት ድንኳን አለ፤ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ የእጅ ባትሪ፣ የሱፍ ካልሲ፣ ጃንጥላ፣ ገመድ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ነጠላ። ጥቁር ቀሚሱን ለብሼዋለሁ። እያንዳንዱን ሳሽግ «አባዬ ያዢ ብሎኛል» እያልሁ ነው ያሸግሁት። ከእነዚህ ውስጥ የትኛውን አንተ እንዳልኸኝ፣ የትኛውን ደግሞ አንተ ከሄድህ በኋላ በስምህ እንደነገሩኝ ለይቼ ማወቅ ነው የፈለግሁት። ሌላ ምንም አልፈለግሁም። ስትቀበር አልነበርሁም፣ ፊትህን አላየሁም፤ የመጨረሻ ቃልህን እንኳ የትኛው እንደሆነ ልወቅ ብዬ ነው።

ነገሩን የጀመርሁት እኔ ነኝ። በመስቀል ሰሞን ደውዬ ስለ ሥራ ስጠይቅህ «ኧረ ምን ሥራ አለ ብለሽ» አልኸኝ። ከጦርነቱ ወዲህ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ድንኳን የሚያስጭን እንግዳ እንደ ድሮው አይመጣም፤ የሚመጣውም በአውሮፕላን ወርዶ፣ ቤተ ክርስቲያኖቹን አይቶ፣ በአውሮፕላን ይመለሳል። ከሁለቱ በቅሎዎችህ አንዷ በጦርነቱ ጊዜ እንደሄደች ቀርታለች። ሌላዋ፣ ዳሚቱ፣ ብቻዋን እህል ታመላልስ ነበር። ድምፅህ ቀዝቅዞብኝ ነው፣ ሳላስበው «እኔ እንግዳ ልሁንልሃ! ድንኳን ይዤ ልምጣና ተራራው ላይ እንደር። አንተም አትጭንም፣ አንተም እንግዳ ትሆናለህ» ያልሁህ።

«እኔ እንግዳ?» ብለህ ሳቅህ። እንዲያ ስትስቅ ከሰማሁህ ዓመታት አልፈው ነበር።

ዕድሜህን ሙሉ የሰው ድንኳን ስትጭንና ስትተክል ኖርህ። ነፋሱን አይተህ በሩን ታዞራለህ፣ ውሃ እንዳይገባ ዙሪያውን ቦይ ትቆፍራለህ፣ ካስማውን በድንጋይ ትመታለህ። ከዚያ እንግዳው ይገባና ዚፑን ይዘጋል፤ አንተ ጋቢህን ተከናንበህ፣ ኮርቻ ተደግፈህ ከበቅሎዎችህ ጋር ታድራለህ። አንድ ጊዜ በረዶ ሲወርድ ፈረንጁ ግባ ቢልህ «በቅሎዎቼ ይደነግጣሉ» ብለህ እንቢ እንዳልህ፣ የጭነት ባልደረባህ ጋሽ አረጋ እስከ ዛሬ ያወራል። እኔም ስሰማው እስቅ ነበር፣ ኩራት ነው ብዬ። በስልኩ ግን «ተዘግቶ ውስጡ ሲታደር ምን ይመስል ይሆን?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ስትመኘው ኖረሃል ማለት ነው።

እኔስ መቼ አውቄው። በሕይወቴ ካምፒንግ ወጥቼ አላውቅም። የምሠራው የመኪና ሸራ የሚሰፋበት ቤት ስለሆነ ድንኳኑን መስፋት አያቅተኝም፤ ሌላውን ግን ማን ይንገረኝ? «ለመሆኑ ተራራ ላይ ለማደር ምን ይያዛል?» አልሁህ። «ቆይ፣ አስቤ እነግርሻለሁ። የማይረባ ዕቃ ተሸክመሽ እንዳትመጪ» አልኸኝና ኔትወርኩ ተቆረጠ። በጆሮዬ የሰማሁት የመጨረሻው ድምፅህ ያ ነው።

ከዚያ በኋላ ስልክህን የምታነሳው እህትህ እትዬ ሽታዬ ሆነች። መጀመሪያ ለብዙ ቀን ስልኩ ጭራሽ አልሠራም ነበር፤ የእኛን አገር ኔትወርክ ስለማውቀው አልጠረጠርሁም። ሲሠራ እሷ አነሳችው። «አባዬስ?» ስላት «ዳሚቱን ይዞ ብልባላ ሄዷል፤ እዚያ ስልክ አይሠራም» አለችኝ። ድምፅሽ ምን ሆነ ስላት «ጉንፋን ነው» አለች። በሌላ ቀን ደወልሁ። «ገነተ ማርያም ነው ያለው» አለችኝ። ይህስ ውሸት አልነበረም፤ ትውልድህ እዚያ ነው፣ የቀበሩህም እዚያ ነው።

እኔ ምን አውቄ፣ «በይ ምን ልያዝ ብላለች ብለሽ ጠይቂልኝ» አልኋት። «እሺ፣ ስጠይቀው እነግርሻለሁ» አለች።

እንዲህ ተጀመረ፣ አባዬ። እኔ እጠይቃለሁ፣ እትዬ ሽታዬ «ልጠይቀው» ትላለች፣ በማግሥቱ መልስ ይመጣል። ወፍራም ብርድ ልብስ ያዢ ብሏል። የሱፍ ካልሲ ያዢ ብሏል። ማንቆርቆሪያ ብትገዢ ጥሩ ነው ብሏል፣ ትልቅ ይሁን ብሏል። «ለሁለት ሰው ትልቅ ማንቆርቆሪያ ምን ይሠራል?» ስላት «እኔ እንጃ፣ ትልቅ ነው ያለው» አለችኝ። ጃንጥላ ያዢ ያለችኝ ቀንማ ከልቤ ሳቅሁ። «አቡነ ዮሴፍ ላይ ጃንጥላ? ነፋሱ እኔንም አብሮ ይዞኝ ይሄዳል። አባዬ አርጅቷል እንዴ?» አልኋት። «ያለውን ነገርሁሽ፣ ከፈለግሽ ተይው» ብላ ተቆጣችኝ። ገዛሁ። አንተ ካልህ ምክንያት ይኖርሃል ብዬ ገዛሁ።

ከዚያ የጥቁሩ ልብስ መጣ። «ጥቁር ቀሚስ ያዢ ብሏል» አለችኝ። ለምን ስላት «ነጭና ደማቅ ነገር የተራራውን ቀይ ቀበሮዎች ያስደነብራል። ጥቁር ለብሰሽ ዝም ብለሽ ከተቀመጥሽ አጠገብሽ ድረስ ይመጣሉ፣ ብሏል» አለች። እንዴት ብዬ አመንሁት? ፈረንጆቹ ቀይና ብርቱካን ጃኬት ለብሰው ቀበሮ ሲያዩ እንደሚውሉ ከአንተው ከአፍህ ሰምቻለሁ። ግን ደስ ብሎኝ ነበር፣ ደስ ያለው ሰው የነገሩትን ያምናል። ቀበሮዎቹ አጠገባችን መጥተው፣ አንተ ድንኳኑ በር ላይ እንደ እንግዳ ቁጭ ብለህ ስታያቸው ይታየኝ ነበር።

ጥቁር ቀሚስ ስላልነበረኝ በምሳ ሰዓት በሸራ ማሽኑ ራሴ ሰፋሁት። አጠገቤ የምትሰፋው ነሲባ ናት፤ በስልክ አስተዋውቄህ «አባባ ደሳለ፣ ማሻአላህ ድምፅዎ» ያለችህ የኮምቦልቻዋ ልጅ። ልኬን እንድትወስድ አስነሳኋትና «ወገቡን ጠበብ አድርጊው፣ ቀበሮም ቢሆን አምሬ ይየኝ» አልኋት። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚች ቀልድ አንድ ሳምንት ትስቅብኝ ነበር። ያን ቀን በመርፌው ደጋግማ ጣቷን ወጋች፣ አንገቷን አላነሳችም። «ምን ሆነሻል?» ስላት «ራሴን አሞኛል» አለች። እትዬ ሽታዬ ቁጥሯን ከእኔው ተቀብላ፣ «ስልክሽ እንቢ ቢለኝ በእሷ እንድደውልልሽ» ብላኝ፣ ለእሷ ነግራታለች። ነሲባ ታውቅ ነበር፣ አባዬ። የሐዘን ልብሴን ወገብ ስትለካልኝ ታውቅ ነበር።

በማግሥቱ «እኔም ካምፒንግ እወጣለሁ» አለችኝ። ኮምቦልቻ በርዷት ሹራብ የምትደርብ ልጅ። «አንቺ? ተራራ ላይ? ጠዋት ደርቀሽ ነው የምትገኚው» አልኋት። «ግድ የለሽም፣ ልይ» አለች። ቀኑን ደግሞ እትዬ ሽታዬ ነገረችኝ፤ «ከኅዳር ሚካኤል በፊት ያለው ቅዳሜ ይሁን ብሏል፤ ከቅዳሜ እንዳታልፊ፣ አደራ» አለችኝ። ሌላ ቅዳሜ አይሆንም ወይ ብላት «እሱ የቆረጠው ቀን ነው፣ አይቀየርም» አለች። የቆረጥኸው ለካ አንተ አልነበርህም። አርባህ ነበር።

በተኩሱ የተዘጋው መንገድ ተከፍቷል የተባለ ዕለት ተነሳን። የእኔ ሻንጣ ሁለት ሰው የሚያነሳው ሆነ፤ ነሲባ የያዘችው አንድ ትንሽ ቦርሳ። መናኸሪያው ውስጥ ሰው እየሰማ ጮህሁባት። «ብርድ ልብስሽስ? ካልሲሽስ? ስንት ቀን ሙሉ የምነግርሽ ለግድግዳ ነው?» አልኋት። «ያንቺን እንጋራለን» አለች። ቦርሳዋን በኋላ አየሁት። ያሸገችው ጥቁር ሻርፕ፣ የራስ ምታት ኪኒን፣ የታሸገ ውሃና ስኳር ነበር፤ ስወድቅ የምታነሳኝን ነው ያሸገችው።

ኩልመስክ ላይ ምሳ በላን። እኔ በላሁ፣ እሷ አልበላችም። ገነተ ማርያም ስንደርስ መስኮቱን ከፍቼ «ያ የአባቴ አገር ነው፤ አሁን እዚያ ካለ መኪናው ሲያልፍ ያየዋል» ብዬ እጄን አውለበለብሁ። ነሲባ ፊቷን ወደዚያ አዙራ በከንፈሯ የሆነ ነገር አለች። ዱዓ አድርጋልህ ነበር። እኔ እየሳቅሁ አለፍሁህ።

ላሊበላ ስንወርድ እንዲህ ነበር የተመከረው፦ መጀመሪያ ጋሽ አረጋ ቤት ያሳርፉኛል፣ በልቼ ጠጥቼ አድራለሁ፣ ማለዳ ቄስ ገብረ ሊባኖስና ሽማግሎቹ መጥተው ያረዱኛል። ነሲባም «ጋሽ አረጋ ቤት አረፍ እንበል፣ እትዬ ሽታዬ እንዲያ ብላለች» አለች። «አባቴ ቤት እያለልኝ የሰው ቤት ምን ልሠራ?» አልኋት። ክንዴን ያዘች፤ አስለቀቅኋት። ሻንጣውን አንድ ጎረምሳ አሸክሜ ሽቅብ ወጣሁ። እሷ ከኋላዬ «አልጣሽ፣ በአላህ ቆዪ» እያለች ትከተለኛለች።

ከመታጠፊያው ስወጣ ግቢህን አየሁት። ድንኳን ተተክሎበታል።

ሳቅሁ፣ አባዬ። «አየሽው? አላስችል ብሎት እዚሁ ግቢው ውስጥ ተክሎታል። ከየት ተዋሰው?» አልኋት። ነሲባ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እንደገና አየሁት። ለሁለት ሰው በጣም ትልቅ ነበር። ከሥሩ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፤ ከጓሮ ሴቶች ትልልቅ ድስት ጥደዋል፣ ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። እትዬ ሽታዬ ከጓሮ ብቅ አለች፣ አየችኝ፣ እጇን ጭንቅላቷ ላይ አደረገች። ማንም አላረዳኝም። የእድሩ ድንኳን ነው ያረዳኝ።

ከዚያ የሆነውን ሌላ ሰው ይንገርህ። እኔ የማስታውሰው ቄስ ገብረ ሊባኖስ መጥተው «ልጄ፣ መርዶ በስልክ አይነገርም። መንገዱ ተዘግቶ፣ ዘመድ አጠገብሽ ሳይኖር ብንነግርሽ ምን ይውጥሽ ነበር?» ማለታቸውን ነው። «ብቻዬን አለቅስ ነበር አባ። ካልሲ ስመርጥ ከምሰነብት ይሻለኝ ነበር» አልኋቸው። ሽማግሎቹ መሬት መሬት አዩ። አንዱ «ሐዘን ነው፣ ይለፍልሽ» አለ። እሳቸው እንደ አገሩ ደንብ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ሰው በስልክ ሰምቶ ገደል የገባበት ጊዜ አለ ይባላል። እኔ ግን ያን ሁሉ ሰሞን ከሞተ አባቴ ጋር ስማከር ነው የከረምሁት፤ ይህን የሚያስተካክልልኝ ደንብ የለም።

ተዝካርህ ተበላ። ሰዉ በደንብ በላ፣ ጠላው አልጎደለም፣ አትስጋ። ትልቁ ማንቆርቆሪያ ለሠርክ እንግዳ ሻይ ተፈላበት፤ የእድሩ አንሶ ነበር። ጥቁሩን ቀሚስ ለብሼ ስቀመጥ አንዲት የማላውቃት ሴት ጨርቁን በጣቷ ዳሰስ አድርጋ «እንዴት ያለ ስፌት ነው፣ የት አሰፋሽው?» አለችኝ። ወገቡ ልክክ ብሎ ነበር። ወደ ገነተ ማርያም ልውረድ፣ መቃብሩን ልይ ስል፣ በዚያ መንገድ ዛሬ የሚያሳልፉት ካህናቱን ብቻ ነው፣ አንቺ ለቅሶ ተቀበዪ፣ ነገ ትወርጃለሽ አሉኝ።

እንግዳው ሲበተን እትዬ ሽታዬን ይዤ ሻንጣው ፊት አስቀመጥኋት። አላዘንሁላትም። «ብርድ ልብሱን ማን አለ?» አልኋት።

«እኔ ነኝ። ለቅሶ ቤት ሰው ይበዛል፣ የሚለበስ ይጠፋል ብዬ። እንዳይበርድሽ ነው።»

«ካልሲውን?»

«እኔ።»

«ጃንጥላውን?»

«መቃብሩ ጋ ስትቆሚ ፀሐዩ እንዳያዞርሽ ነው፣ የእኔ እናት። ምን ላርግ፣ ስለ ካምፒንግ የማውቀው የለኝ። ትጠይቂኛለሽ፣ ዝም ብል ትጠረጥሪያለሽ። ለለቅሶ የሚያስፈልግሽን እያሰብሁ እሱን ነገርሁሽ።»

ነጠላውን አልጠየቅኋትም። ገመዱን አነሳሁ። ገመዱን ስትነግረኝ እንዲህ ነበር ያለችው፦ «ገመድ ያዢ፤ ዕቃሽን ሁለት ቦታ እኩል አድርገሽ እሰሪው፤ አንዱ ጎን ከከበደ የበቅሎዋን ጀርባ ይልጠዋል ብሏል።» ይህ የእሷ አነጋገር አይደለም። እሷ በቅሎ ጭና አታውቅም። ስትነግረኝ አንተን የሰማሁ መስሎኝ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር። ገመዱን ደረቴ ላይ ይዤ «ይሄ የእሱ ነው። ይሄስ የእሱ ነው አይደል?» አልኋት። እትዬ ሽታዬ ወደ በሩ አየች። በሩ ላይ ጋሽ አረጋ ቆሟል።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አለኝ። «ሽታዬ ምን ልበላት ብላ ስትጨነቅብኝ፣ ደሳለ ቢኖር ይህን ይል ነበር ብዬ ነገርኋት። እኔም ብሆን ከእሱ ነው የተማርሁት እኮ። የእሱ ነው በይው።»

የእሱ ነው በይው። ሊያጽናናኝ ነው፣ ደግ ሰው ነው፣ ግን ያን ሰዓት ገመዱን ልወረውርበት ምንም አልቀረኝ። አንተ ለጋሽ አረጋ ያስተማርኸው ለእኔ ምኔ ነው? እኔ የፈለግሁት ለእኔ ያልኸውን ነው። አስቤ እነግርሻለሁ ብለኸኝ ነበርና ያሰብኸውን ነው። ሁለቱንም ውጡልኝ አልኋቸው። ወጡ። ነሲባ ብቻ ቀረች፤ ዕቃውን አንድ በአንድ መልሳ ሻንጣው ውስጥ ከተተችው።

ነገ ያሉት ቀን ሳይደርስ ወደ ገነተ ማርያም የሚወስደው መንገድ ተዘጋ። ወደ ወልድያ የሚወስደውም ተዘጋ። ልንመለስ መናኸሪያ ወርደን አንድም መኪና የለም። ነሲባ እናቷን በስልክ ልታገኝ ስትሞክር ትውላለች፤ ኔትወርክም የለም። ሸራ ቤቱ ቦታዬን ለሌላ እንደሚሰጥ አውቃለሁ። በእኔ ጦስ የእሷም ይሄዳል። አንዲት ቃል አልወጣትም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ትናንት እትዬ ሽታዬ በራሷ ጊዜ መጣች። አልጠራኋትም። መደቡ ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና፣ ሳላቋርጣት እንድትጨርስ አስማለችኝ። ከብልባላ እህል ጭነህ ስትመለስ ደረቴን እንዳልህ፣ ዳሚቱን ሳታራግፍ ቁጭ እንዳልህ ነገረችኝ። ወልድያ ሆስፒታል ሊያደርሱህ መኪና ቢፈልጉ መንገዱ ዝግ ነበር። በቃሬዛ እንውሰደው ሲሉ አንተው እንቢ አልህ።

«አንድ ነገር ብሎ ነበር። አልነገርሁሽም» አለችኝ።

«ምን አለ?»

«‹ለአልጣሽ ደውይላት› አለኝ። ‹አትምጪ በያት። መንገዱ አላማረኝም፤ ልጄ መሀል መንገድ ላይ እንዳትቀር። ድንኳኑ ይቅር። ምንም ነገር እንዳታሽግ በያት› አለ።»

እሷ ቀጠለች። «ወዲያው ልደውል ብዬ ስልኩን አነሳሁ፤ ኔትወርክ የለም። ጣሪያ ላይ ወጣሁ፣ ዳገት ወጣሁ፣ የለም። ስመለስ አላገኘሁትም። ኔትወርኩ ሲመጣ ደግሞ እንዴት ብዬ አትምጪ ልበልሽ? አትምጪ ብልሽ ለአርባው ማን ያመጣሽ ነበር?»

ይህ የአንተ ነው። ማንም አልፈጠረውም፤ ሁሉም እንድመጣ ነው የፈለጉት፣ እንዳልመጣ የፈለግኸው አንተ ብቻ ነህ። ደረትህን ይዘህ ተኝተህ እንኳ ያሰብኸው የእኔን መንገድ ነው። ከዚህ ሁሉ ዕቃ ውስጥ አንዱም የአንተ አይደለም። ምን ልያዝ ብዬ ለጠየቅሁህ አስበህ ያገኘኸው መልስ ምንም አትያዢ የሚል ነበር።

አሁን አውቄዋለሁ። የሚያሳርፈኝ መስሎኝ ነበር፣ አላሳረፈኝም። ድንኳኑን ጋሽ አረጋ እህሉን ይሸፍንበት ብዬ ልሰጠው ነው፤ ሸራው ጥሩ ነው፣ ዝናብ አያስገባም። ዳሚቱ ትሸጣለች መሰለኝ፤ እትዬ ሽታዬ የምታበላው የላትም። ተራራው ላይ እንግዳ ይመጣል የሚል ሰው እዚህ አላገኘሁም፤ እኔም አልጠየቅሁም። መንገዱ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ከአንተ መቃብር ያለሁበት ርቀት በእግር የሚደረስ ነው፤ ግን አያስኬድም አሉኝ፣ አንተም ብትኖር አትሂጂ እንደምትለኝ አወቅሁና ቀረሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርህና እሰናበትሃለሁ፣ እሱን ለእትዬ ሽታዬ አልነግራትም፣ ይገድላታል። ያን ቀን ጣሪያው ላይ ሆና አግኝታኝ ቢሆን፣ አባትሽ አትምጪ ብሏል ብትለኝ፣ እኔን ታውቀኛለህ። ለምን ነው አትምጪ ያለው፣ ምን ሆኖ ነው ብዬ፣ ያለ ብርድ ልብስ ያለ ምንም፣ በእግሬም ቢሆን ያንኑ ዕለት እነሳ ነበር። እደርስብህ ነበር፣ አባዬ።

ልጅህ አልጣሽ
ላሊበላ፣ ኅዳር